የድንጋዩ እባብ ሆድ

ጡረታ ልወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ አዲሱ ሥራ አስኪያጃችን አንድ ማሽን አስመጣ። ማሽኑ የሚታሸገውን ዕቃ ሳይነካ በብርሃን ብቻ ዙሪያውን ይለካና ፎሙን ራሱ ቆርጦ ያወጣል። እኔን ሁለት ቀን የሚፈጅብኝን ሥራ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰው። ቢያበላሸው ኖሮ ደስ ባለኝ ነበር፤ አላበላሸውም።

ሥራ አስኪያጁ የእኔንና የማሽኑን ሥራ ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያስተያይ ቆየና በእኔ ሥራ ከታች በኩል ጣት የምታህል ቦይ አየ።

«ይቺ ምንድን ናት? ኮምፒዩተሩ ላይ የለችም» አለኝ።

«አየር እንዲገባ ነው» አልኩት።

አየር አይደለም። አሥር ዓመት ሙሉ በሠራሁት የፎም ማረፊያ ሁሉ ሥር ያቺን ቦይ ቆርጫለሁ፤ ለጠየቀኝም ሁሉ አየር ነው እያልኩ ዋሽቻለሁ። ቦይዋ ውሃ እንዲወጣባት ነው። አሁን ጡረታ ስለወጣሁ የሚያባርረኝ የለም፤ እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

ሰው ሥራህ ምንድን ነው ሲለኝ «ሣጥን እሠራለሁ» እል ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ዘመዶቼ የሬሳ ሣጥን እየመሰላቸው ወሬ ይቀይራሉ። የሬሳ አይደለም። አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ከኪንግ ስትሪት ባቡር ጣቢያ አሥር ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ መጋዘን አለ። እዚያ የሙዚየምና የሰብሳቢዎች ጥንታዊ ዕቃ ለጉዞ ይዘጋጃል። ሸክላው፣ ጭምብሉ፣ የድንጋይ ሐውልቱ መንገድ ላይ እንዳይሰበር በልኩ ከፎም ማረፊያ እንቆርጥለታለን፤ ማረፊያውን አቡጀዲ እናለብሰዋለን፤ ከዚያ በእንጨት ሣጥን ይታሸጋል። ከቤቴ ሬድ ላይን ይዤ፣ ጋለሪ ፕሌስ ላይ ወደ የሎው ላይን ቀይሬ፣ አሥራ አምስት ዓመት ተመላልሻለሁ። በዚያ ባቡር ላይ ያንቀላፋሁት እንቅልፍ ቢጠራቀም አንድ ዓመት ይሞላል።

ሙያውን አሜሪካ ተማርኩ ብል ግን አባቴ ይታዘበኛል። አባቴ ደብረ ታቦር ውስጥ ማኅደር ሰፊ ነበር። ዳዊት በቆዳ ማኅደር ካልገባ ዝናቡም የተሸካሚው ትከሻም ይጨርሰዋል። አባቴ መጽሐፉን በመዳፉ አንድ ጊዜ መዘን ያደርግና በክር እንኳ ሳይለካ ቆዳውን ይቆርጣል። ያለቀለት ማኅደር ውስጥ መጽሐፉ ሲገባ ትንፋሽ የመሰለ ድምፅ ይሰማል። «ተኛ» ይላል አባቴ። ደግሞ ከውስጥ በኩል፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ በወስፌ ትንሽ መስቀል ይወጋል። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው «መጽሐፉ ያየዋል» ብሎኝ ነበር።

ዲቪ ደርሶኝ ከባለቤቴ ከትርንጎ ጋር እንደመጣሁ ሁለት ዓመት ፓርኪንግ ሠራሁ። ስለ ፓርኪንግ የምጽፈው የለኝም፤ ፓርኪንግ ያልሠራ ሐበሻ ከተገኘ እሱ ይጻፍበት። ከደንበኞቹ አንዷ ካረን የምትባል ሴት ነበረች። የቆዳ ቦርሳዋ ማንጠልጠያ ተበጥሶ ስትቸገር አይቼ በሰም ክር ሰፍቼ መለስኩላት። ስፌቱን ገልብጣ ከውስጥ በኩል አየችው። ከፊት በኩል የሚያይ ሰው ሞልቷል፤ ገልብጦ ያየ ሰው ግን እዚህ አገር እሷ የመጀመሪያዬ ነበረች። የመጋዘኑ ባለቤት መሆኗን የነገረችኝ በሳምንቱ ነው። ደመወዙ ከፓርኪንጉ እምብዛም አይበልጥም ነበር፤ ኢንሹራንስ ግን ነበረው።

ካረን ወስዳ ያስረከበችኝ ለዶን ሲልቬሪዮ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ከተራራ ላይ መንደር የመጡ፣ አጠር ብለው ትከሻቸው የሰፋ፣ ስልሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው። የሚኖሩት ሀያትስቪል ነው። የሁለታችን እንግሊዝኛ ቢደመር የአንድ ሰው አይሞላም፤ ቢሆንም ተግባባን። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም። እኔ ግን በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው፤ አሁን በአማርኛ ስጽፍማ ሌላው ጨርሶ አይሆንልኝም።

ዶን ሲልቬሪዮ አዲስ ዕቃ የመጣ ዕለት አይነኩትም። ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ። እኔ ቢላዬን ስልና ስቁነጠነጥ ያዩኛል።

«ዛሬ እንግዳ ነው» ይሉኛል። «እንግዳ በር ላይ እንደደረሰ ልብሱን ታስወልቀዋለህ?»

በማግሥቱ ስስ ጓንታቸውን ያጠልቁና ከሁሉ በፊት ይገለብጡታል። ሸክላም ይሁን ሐውልት መጀመሪያ ሆዱ ይታያል። ስንጥቅ የሚደበቀው፣ ጥገና የሚደበቀው፣ ክብደቱም የሚያርፈው እዚያ ነው ይሉ ነበር። «ሆዱን ሳታይ ጀርባውን አትመን።» ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው በእጃቸው ዙሪያውን ይዳስሱታል፤ ሲጨርሱ ማስመሪያም ሳይጠቀሙ ፎሙን ይቆርጡታል። በዚያች ሰዓት የአባቴን እጅ አይ ነበር።

ማረፊያው ሲያልቅ መፈተኛቸው ወረቀት ነው። በዕቃውና በአቡጀዲው መካከል አንድ ወረቀት ትገባለች። ሁለት ከገባ ሥራው ላልቷል፤ ጭራሽ ካልገባ ጠብቋል፤ ሁለቱም ይጣላል። እኔ ስምንት ወር ሙሉ ስጥል ኖርኩ። በዘጠነኛው ወር ለአንድ የሸክላ ውሻ የሠራሁትን ዙሪያውን በወረቀት ፈተሹና ምንም ሳይሉ ምሳቸውን ሊበሉ ሄዱ። ዝምታቸው ሽልማት መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ።

ሌላው ሕጋቸው ውሃ ነው። ዕቃ ወዳለበት ክፍል ውሃ አይገባም፤ ጠርሙስ ቢሆን፣ ስኒ ቢሆን፣ የረጠበ ጃንጥላ ቢሆን። በሩ ላይ በገዛ እጃቸው ጽፈው ለጥፈዋል። ካረንን ራሷን አንድ ቀን ከነሻይዋ መልሰዋታል። ከአያያዝ ይቀደዳል ከአነጋገር ይፈረዳል የሚባለውን በአማርኛ ባያውቁትም ይኖሩበት ነበር።

ምሳ አብረን ነው። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ እንደማልበላ ካወቁ በኋላ በእነዚያ ቀናት እሳቸውም ባቄላ ብቻ ይዘው ይመጡ ጀመር። ምክንያቱን አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። በእሳቸው ቶርቲያ፣ በበቆሎው ቂጣ፣ የእኔን ሽሮ እየጠቀለልን ከመጋዘኑ ኋላ ደረጃ ላይ እንበላለን። ከዚያ ሥራ ምን ናፈቀህ ብትሉኝ እውነቱን እነግራችኋለሁ፤ ደረጃው ነው የሚናፍቀኝ።

በገባሁ በአምስተኛው ዓመት ከፎልስ ቸርች ማዶ ከሚኖር አንድ ሰብሳቢ ቤት አሥራ አንድ ድንጋይ መጣ፤ ወደ ሌላ ከተማ ሙዚየም ለዐውደ ርእይ የሚሄድ ነው። የጥንት ሜክሲኮዎች፣ የአዝቴኮች ሥራ። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ እባብ ነው። ላባ የለበሰ እባብ አለ። አፉን ከፍቶ ከመንጋጋው መካከል የሰው ፊት ብቅ ያለበት አለ። ምላሱ ለሁለት ተሰንጥቆ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለ አለ። እኔ ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። እቤታችን ግድግዳ ላይ አሁንም አለ። የመጀመሪያውን ሣጥን ከፍተን ሳይ ሳይታወቀኝ አማተብኩ።

ዶን ሲልቬሪዮ አዩኝ። «እናንተ ጋ እባብ ምንድን ነው?»

«ሰይጣን» አልኩ፣ ምንም ሳላስብ።

«እኛ ጋ ዝናብ ነው» አሉ፤ ወንበራቸውን ሳቡና ተቀመጡ።

በዚያ ሰሞን ያስተማሩኝን በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ማንም አላስተማረኝም። ላባ የለበሰው እባብ መሬት ላይ የሚሳበውንና ሰማይ ላይ የሚበረውን ባንድ አካል የያዘ ነው አሉኝ፤ ነፋስ ሆኖ ቀድሞ ይወጣና ለዝናብ መንገዱን ይጠርጋል። የምድርን እናት ሲቀርጿት ቀሚሷን ከእባብ የተጎነጎነ ያደርጉታል፤ የሚወልደውም የሚውጠውም መሬት ነውና። እሳት የሚተፋ እባብም አለ፤ እሱ የፀሐይ መሣሪያ ነው። ደግሞ እባብ ቆዳውን ጥሎ እንደ አዲስ ይወጣል፤ እርሻም እንደዚያው፣ ደርቆ ሞተ ሲሉት በዝናብ ይመለሳል።

«ይህን ሁሉ ከየት አወቁ?» አልኳቸው።

«ግማሹን ከአያቴ፣ ግማሹን ከሀያትስቪል ቤተ መጻሕፍት። የትኛው ከየት እንደሆነ አትጠይቀኝ።»

የተጠቀለለው እባብ የመጨረሻው ነበር። ቁመቱ ከጉልበት አይበልጥም፤ ሆኖም ሁለት ሰው በመከራ ነው የሚያነሣው። ጅራቱ ጫፍ ላይ ሲንቀሳቀስ የሚንኳኳው ቅርፊት አንድ ባንድ ተቀርጿል፤ ራሱን ጥቅልሉ ላይ አሳርፎ ይጠብቃል። ሁለተኛው ቀን ደርሶ በጠፍር አስረን ቀስ ብለን ስንገለብጠው ሁለታችንም ቆምን። ሆዱም ተቀርጿል። ድንጋዩ መሬት ላይ በሚያርፍበት፣ አንድም ሰው በማያየው በኩል፣ የሆዱ ቅርፊቶች ጥቅልሉን ተከትለው እስከ መሀል ይዞራሉ። በቅርፊቶቹ መካከል ደግሞ ቀይ ቀለም አለ። ከላይ የነበረው ቀለም ፀሐይና ዝናብ በልቶት ጠፍቷል፤ የሆዱ ግን አምስት መቶ ዓመት ተሸሽጎ ቆይቷል። የበሰለ በርበሬ ቀይ ነው።

«ማን እንዲያየው ነው?» አልኩ።

«መሬት» አሉ። «መሬት ታየዋለች።»

አባቴ በወስፌ የሚወጋት መስቀል ትዝ አለችኝ። ስለ አባቴ ነገርኳቸው፤ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «አባትህ ያውቅ ነበር» አሉ። ያን ጊዜ እባቡን ወደድኩት። መውደዴን ግን ለራሴ እንኳ ለማመን ፈራሁ። ቀለሙ ከአበባ ሥር በሚወጣ ሙጫ የተያዘ ስለሆነ ላብ እንኳ እንዳይነካው አስጠነቀቁኝ። ማረፊያውን እኔ እንድሠራው ሰጡኝ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ እሱን የሚያህል የለም፤ አንዲት ወረቀት ዙሪያውን ትገባለች፣ ሁለተኛዋ የትም አትገባም።

እቤት ደግሞ ትርንጎ እርጉዝ ነበረች፤ ለዶን ሲልቬሪዮም ነግሬያቸዋለሁ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ሐኪሙ ከባድ ነገር አታንሺ፣ ብዙ አትቁሚ ብሏት ሥራዋን ትታ ተኝታለች። እኔ ሞኙ ስለ እባቦቹ ነገርኳት።

«ዛሬም ያንን ነገር ስትነካ ነው የዋልከው?» ትለኛለች ገና በሩን ስከፍት።

«ድንጋይ ነው እኮ ትርንጎ።»

«ድንጋይ ይሁን። እጅህን ሳትታጠብ ሆዴን እንዳትነካ።»

አንድ ጠዋት በእንቅልፏ እባብ ወገቧ ላይ ሲጠመጠም እንዳየች ነገረችኝ። አልቅሳ ዓይኗ አብጧል። ከቤተ ክርስቲያን ያመጣነውን ጸበል በትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድታ፣ ላይዋ ላይ መስቀል ለጥፋ፣ ጃኬቴ ኪስ ከተተችው።

«እዚያ ነገር ላይ ርጭልኝ» አለችኝ። «ሌላ ምንም አልልህም። ይህችን ብቻ።»

ሦስት ቀን ኪሴ ይዤው ዞርኩ። ሐሙስ ዕለት ዶን ሲልቬሪዮ እባቡን ለመጨረሻ ጊዜ ገልብጠው አዩና የዕቃውን ሁኔታ የሚገልጸውን ወረቀት ፈረሙ፤ «የሆዱ ቀይ ቀለም ደህና ነው» ይላል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ እሳቸው ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ነበራቸውና ቀደም ብለው ወጡ። የቀረው ክዳኑን መግጠም ነው፤ እሱም የእኔ ሥራ።

በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አልፌ ገባሁ። ጽሑፉን አላየሁትም ማለቴ አይደለም። ጸበል ውሃ ነው ብዬ አላሰብኩም ማለቴ ነው። ይህን ለካረን ባስረዳ አይገባትም ነበር፤ ለእናንተ ግን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሰው ጸበል ሲል ውሃ አይልም።

በስመ አብ ብዬ ሦስት ጊዜ ረጨሁ። ጠብታዎቹ በዚያ ትልቅ ድንጋይ ላይ አነሱብኝ። ለትርንጎ ነው፣ ለልጁ ነው አልኩና ከጠርሙሷ ግማሹን ጥቅልሉ መሀል ላይ አፈሰስኩት። ውሃው በጥቅልሎቹ መካከል ወርዶ ጠፋ። ክዳኑን ገጠምኩ፤ ልቤ ቀለል ብሎኝ ባቡር ተሳፈርኩ። ማታ ለትርንጎ ስነግራት እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አሳረፈችው።

ውሃው ግን አልጠፋም፤ ከሥር ገብቷል። ማረፊያውን አበላሽቼ ሠርቼው ቢሆን በጎን በኩል ፈስሶ ይወጣ ነበር። ጥሩ አድርጌ ስለሠራሁት መውጫ አጥቶ ቅዳሜንና እሑድን እዚያው ሆዱ ላይ ተኝቶ ዋለ።

ሰኞ ጠዋት ከሙዚየሙ አንዲት ሴት ዕቃውን ልትረከብ መጣች። ክዳኑ ተከፈተ፤ እባቡ ተነሣ። አቡጀዲው ላይ ሌላ እባብ ተኝቷል፤ ቀይ። የሆዱ ቅርፊት አንድም ሳይቀር ታትሞ ይዞራል። ድንጋዩን ስንገለብጠው ቀይ የነበረው ሁሉ አመድ መስሏል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የሚባለውን ያን ቀን በዓይኔ አየሁት።

ዶን ሲልቬሪዮ አቡጀዲውን በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ አሁንም እርጥብ ነው። ቀና ሲሉ ካረንን አዩ፣ ሴትዮዋን አዩ፣ እኔን ግን አላዩኝም። ያላዩኝ አውቀው ነው።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ዓርብ ጠዋት አቧራ መስሎኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት።»

«ሲልቬሪዮ፣ አንተ?» አለች ካረን። «አንተ? ውሃ?»

«አረጀሁ» አሉ።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ትርንጎ ስድስተኛ ወሯ ነው፤ ሐኪሟም መድኃኒቷም በዚያ ሥራ ኢንሹራንስ ነው። አፌን መልሼ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ለራሴ ብዙ ምክንያት አበጅቻለሁ፤ አንዱም አልበረከተልኝም።

በዚያው ሳምንት አሰናበቷቸው። ቢላቸውንና ሁለት ጓንታቸውን በካርቶን ይዘው ሲወጡ ካርቶኑን ተቀብዬ እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ሸኘኋቸው። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። አውቶቡሱ ሲመጣ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «ልጁን ጠብቅ» አሉኝ። ቆይቼ ሳስበው አደራ ነው ያሉኝ፤ እንግሊዝኛው ቃሉ ስለሌለው ነው። ጠርሙሷን በማግሥቱ ፈለግኋት፣ አጣኋት። ከፎም ቁርጥራጭ ጋር ተጠርጋ ተጥላለች ብዬ ተውኩት።

ልጁ በሰባት ወሩ መጣ። ዘጠኝ ቀን ኖረ። ቄሱ ሆስፒታል ድረስ መጥተው አጠመቁት፤ ስምም አወጣንለት። ከዚያ በኋላ ያን ስም በቤታችን የጠራው ሰው የለም። ጎረቤትም ዘመድም «እግዜር ሌላ ይተካላችሁ» ይሉናል እንጂ ስሙን አይጠይቁም፤ እኔና ትርንጎም አንዳችን ሌላውን እንዳናስለቅስ ዝም እንላለን። ሌላም አልተተካልንም። ትርንጎ «እባቡ ነው» ትለኛለች ብዬ ስፈራ ኖርኩ፤ አንድም ቀን አላለችኝም።

ዶን ሲልቬሪዮ ሁለት ጊዜ ስልክ ደወሉ። መልእክታቸው አንድ ነው፤ «አያል፣ ልጁ መጣ?» መልሼ አልደወልኩም። ምን ልበላቸው? የከፈሉበት ነገር የለም ልበላቸው? ዛሬ ነገ ስል ወር ሆነ፤ ከወር ወዲያ ዕፍረቱ ራሱ በር ዘጋ።

ካረን የእሳቸውን ጠረጴዛ ለእኔ ሰጠችኝ። ወንበራቸው ላይ ስቀመጥ ጀርባዬን ይወጋኝ ነበር፤ ወንበሩ ምንም አልነበረበትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የጣሪያ ጠብታ ድምፅ ብሰማ ሥራ ጥዬ እነሣ ነበር። ያቺን ቦይ መቁረጥ የጀመርኩት ያኔ ነው። በተረፈ እንደ እሳቸው ነው የሠራሁት፤ የመጀመሪያውን ቀን አልነካም፣ በሁለተኛው እገለብጣለሁ፣ በወረቀት እፈትሻለሁ። ለጀማሪዎቹም «እንግዳ ነው» እላቸዋለሁ። ማን እንዳስተማረኝ ግን አልነግራቸውም ነበር፤ ስማቸውን ብጠራ ቀሪው ተከትሎ እንዳይመጣ ፈርቼ።

አንድ የበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ጳጳሱ በአጠገቤ ሲያልፉ በትራቸውን አየሁ። ከጫፉ ሁለት የናስ እባቦች ፊት ለፊት ተያይተዋል፤ መካከላቸው መስቀል አለ። ስንት ዓመት ሙሉ ያ በትር በፊቴ ሲያልፍ እባቦቹን አላየኋቸውም። ሙሴም በምድረ በዳ የናስ እባብ ሰቅሎ ያየው ሁሉ ድኗል፤ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ዶን ሲልቬሪዮ እናንተ ጋ እባብ ምንድን ነው ሲሉኝ ግን ትዝ ያለኝ አንዱ ብቻ ነበር። ቅዳሴው እስኪያልቅ እንባዬ አላቆመም፤ አጠገቤ ያሉት የንስሐ መስሏቸው መንገድ ለቀቁልኝ።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ኬክ ቆረሱልኝ፤ ማሽኑም በርቶ ነበር። እቤት ገብቼ ለትርንጎ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ቀለሙ፣ ዶን ሲልቬሪዮ በእኔ ፋንታ ከሥራ ስለመውጣታቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሽማግሌው ጡረታ ወጡ ብያት እንደዚያው ነበር የምታውቀው።

«አሥር ዓመት?» አለችኝ። «አሥር ዓመት ሙሉ ሰውዬውን ሳታያቸው?»

«ምን ብዬ ልያቸው?»

«ጸበሉን የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ሂድና የእኔንም ንገራቸው።» በማግሥቱ ዳቦ ጋግራ በጨርቅ ጠቅልላ አሸከመችኝ።

ሀያትስቪል ያለው ቤታቸው አልተቀየረም። ልጃቸው በሩን ከፈተችልኝና ወደ ውስጥ በስፓኒሽ ተጣራች። ዶን ሲልቬሪዮ መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። ትከሻቸው ጠቧል፤ ከእኛ ከወጡ በኋላ ግድግዳ ሲለጥፉና ቀለም ሲቀቡ ኖረው ጀርባቸው ሲታመም እንዳቆሙ ልጃቸው ነገረችኝ። ድንጋይ ዳግመኛ አልነኩም።

«አያል» አሉኝ፣ ትናንት የተለያየን ይመስል። ዳቦውን ተቀብለው አሸተቱት። «ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ቅቤ የለበትም አይደል?»

መኪና ውስጥ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «ዶን ሲልቬሪዮ፣ ያን ጊዜ እኔ…» ብዬ ስጀምር እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። ቀስ ብለው ተነሡና ከመደርደሪያው ላይ ትንሽ የእንጨት ሣጥን አውርደው ጉልበቴ ላይ አኖሩት።

ከፈትኩት። የትርንጎ ጠርሙስ ናት፤ መስቀሏ እንደተለጠፈ፣ ጸበሉ እስከ ግማሽ። በልኳ ተቆርጦ አቡጀዲ በለበሰ ፎም ላይ ተኝታለች። ሳላስብ ኪሴ ያለውን ደረሰኝ አውጥቼ በጎኗ አስገባሁት። አንድ ወረቀት ገባ።

«ሰኞ ጠዋት ቁርጥራጩ ውስጥ አገኘኋት» አሉ። «ሴትዮዋ ሳትመጣ በፊት። እናቴም ቤት እንዲህ ያለ ጠርሙስ ነበር። አቡጀዲውን ሳየው ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ልጅ እየመጣ ነበር» አሉ፤ ሌላ መልስ ያለው አይመስላቸውም። ከዚያ ፊታቸው በራ። «አሁን አሥር ዓመቱ ነው አይደል? ስልኬን ሳትመልስልኝ ስትቀር አልተቀየምኩህም፤ ልጅ ያለው ሰው ጊዜ የለውም አልኩ። በየዓመቱ እቆጥርልሃለሁ። ዘንድሮ ጥርሱ ይነቀላል፣ ዘንድሮ ኳስ ይጫወታል እላለሁ። ለምን ይዘኸው አልመጣህም?»

የዚያን ጊዜ መዋሸት ቀላል ነበር። በሕይወቴ ለትንሹም ለትልቁም ዋሽቻለሁ፤ ለዚያች ቦይ እንኳ ዋሽቻለሁ። ቀና ብዬ ነገርኳቸው። ሰባት ወር አልኩ። ዘጠኝ ቀን አልኩ። ስለዚያ ነው ያልደወልኩት አልኩ። ጸበሉን የሰጠችኝ ትርንጎ መሆኗንም ነገርኳቸው፣ እሷ እንዳዘዘችኝ።

በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያዩ ቆዩ። አሥር ዓመት ሙሉ ያሳደጉትን ልጅ እኔ ከእጃቸው ስወስድባቸው አየሁ። ተነሥቼ እግራቸው ላይ ልወድቅ ነበር፤ ክንዴን ይዘው መልሰው አስቀመጡኝ።

«ስሙ ማን ነበር?» አሉኝ።

አሥር ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። «ጸጋዬ» አልኩ።

ሁለት ጊዜ አሉት፤ «ጸ» የምትለዋ ድምፅ ከበደቻቸው። ጠርሙሷን ከሣጥኑ አውጥተው ለእኔ አስያዙኝ። ሣጥኑን ገለበጡት። ከኪሳቸው የአናጢ እርሳስ አውጥተው ሰጡኝ።

«ጻፈው። እኔ ፊደላችሁን አላውቅም።»

«እዚህ? ከሥር?»

«ከሥር።»

በእንጨቱ ላይ ጻፍኩት፤ ፊደሎቹን ጥልቅ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ። ስጨርስ በአውራ ጣታቸው አንድ ባንድ ዳሰሷቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደ ድሮው። ከዚያ ጠርሙሷን መልሰው አስተኟትና ሣጥኑን መደርደሪያው ላይ በቦታው አስቀመጡት፤ ስሙ ከታች ሆኖ።